የሕዋስ መልእክት መስመር፦ የጉሮሮ ካንሰርን የሚገፋው ምንድን ነው?

በጅቡቲ ከተማ ቀኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ጫት ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ። ከኢትዮጵያ የሚላከው ጫት ቀትር ግድም ሲደርስ፣ በየመንገዱ ዳር ጠረጴዛ የዘረጉ ሴቶች እስሩን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ይሸጣሉ። ከሰዓት በኋላ መብራዙ፣ ማለትም የጫት መቃሚያው ክፍል፣ ይሞላል፤ ሲጋራውም ይከተላል። ማታ ምርቃናውን በመጠጥ፣ በጨብሲ፣ የሚሰብሩም አሉ። ጫቱ፣ ጭሱና መጠጡ የሚያልፉት በአንድ በር ነው፤ በጉሮሮ። እዚያ ያለው ሕዋስ ምን እንደሚደርስበት ለመረዳት የሚያግዝ አንድ ቃል አለ።

የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች «ሴል ሲግናሊንግ ፓዝዌይ»፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ «ቩዋ ደ ሲኛሊዛስዮን» ይሉታል። በአማርኛ «የሕዋስ መልእክት መስመር» ልንለው እንችላለን። «ምልክት» ከማለት «መልእክት» የተመረጠው፣ ሕዋሱ የሚደርሰው «ተከፈል»፣ «ቁም» ወይም «ሙት» የሚል ትእዛዝ ስለሆነ ነው። ትእዛዙ በሕዋሱ ገጽ ላይ ባለ ተቀባይ ፕሮቲን ይጀምራል፤ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን እየተላለፈም ዘረመል እስካለበት አስኳል ይዘልቃል። ይህ ሰንሰለት ነው የመልእክት መስመር የሚባለው።

የጉሮሮን ውስጠኛ ገጽ የሸፈኑ ሕዋሳት ዘወትር ይረግፋሉ፤ በምትካቸውም አዳዲሶች ይበቅላሉ። የመተካቱን ትእዛዝ ከሚቀበሉት አንዱ በምህጻሩ ኢጂኤፍአር የሚባለው ተቀባይ ነው። ይህን ተቀባይ የሚያነቃውን የዕድገት ቀስቃሽ ያገኘው ስታንሊ ኮኸን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በጤናማ ሕዋስ ቀስቃሹ ሲመጣ መስመሩ ይከፈታል፤ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋል። በአብዛኛው የጉሮሮ ካንሰር ግን ተቀባዩ ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል። አንዳንዴም ከእሱ በታች ያለው ፒአይስሪኬ የተባለ ፕሮቲን ተበላሽቶ፣ ማንም ሳያዘው ራሱ መልእክት ማስተላለፍ ይጀምራል። የጫቱ መኪና ሳይደርስ «ገባ!» የሚል ወሬ ቀኑን ሙሉ ቢናፈስ ገበያው እንደሚተራመስ ሁሉ፣ ሕዋሱም ያለ ትእዛዝ ይባዛል።

መባዛቱን የሚያቆም ሌላ መስመር አለ። ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ዘረመል ሲጎዳ ሕዋሱን ያስቆማል፤ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም እንዲሞት ያዛል። የትምባሆ ጭስ የፒ53ን ዘረመል ራሱን ያበላሻል። አልኮል በሰውነት ውስጥ ወደ አሴታልዲሃይድ ተለውጦ ዘረመልን ይጎዳል። ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው ከየብቻቸው ድምር ይበልጣል። ኤችፒቪ 16 የተባለው ቫይረስ ደግሞ በቶንሲልና በምላስ ሥር ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ፒ53ን ያስፈርሳል። አስቆሚው ከጠፋና አባዢው ከበረታ እብጠቱ ያድጋል፤ አዳዲስ የደም ሥሮችን ይስባል፤ ሕዋሳቱም ከጎረቤቶቻቸው ተላቀው ወደ አንገት ንፍፊቶች ይሻገራሉ።

ጫትስ? ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፈቃዱ ካሴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት፣ በቃሚዎች ጉንጭ ሕዋሳት ውስጥ የዘረመል ጉዳት ምልክት የሆኑ ጥቃቅን አስኳሎች ካልቃሙት በስምንት እጥፍ ግድም በዝተው መታየታቸውን ይገልጻል። ሲጋራና አልኮል ሲጨመሩ ጉዳቱ ይደራረባል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የላቦራቶሪ ጥናት ደግሞ የጫት ጭማቂ የነካቸው ጤናማ የአፍ ሕዋሳት መባዛት አቁመው ፒ53ን እንዳበዙ አሳይቷል። ይህ ማለት አስቆሚው መስመር ጉዳት ተሰምቶት ተነሥቷል ማለት ነው። ጫት ብቻውን የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል ለማለት ግን ይህ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ጋር የመደባቸው ትምባሆንና አልኮልን ነው፤ ጫት ከዚያ ምድብ ውስጥ የለም። የቃሚው ትልቁ ስጋት እንግዲህ ከጫቱ ጋር የሚጨሰውና ከጫቱ በኋላ የሚጠጣው ነው።

መስመሩን ማወቅ መድኃኒትም አስገኝቷል። ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ኢጂኤፍአርን ከውጭ ይዘጋል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ለራስና አንገት ካንሰር ፈቅዳዋለች። ይሁንና ከተቀባዩ በታች ያለው መስመር ተበላሽቶ ከሆነ ከላይ መዝጋቱ ብዙም አይጠቅምም። አንዱን ታማሚ የረዳው መድኃኒት ሌላውን የማይረዳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ በአንገት ላይ እብጠት ከወጣ ወይም አንድ ጆሮ ያለ ምክንያት ካመመ «ጫቱ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። የድምፅ አውታር ካንሰር ገና በጅምሩ ከተደረሰበት በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሲጋራውንም ተዉ።