ቤተ መዘክርና የሙዚቃ አዳራሽ በአዲስ አበባ

ዕውቀት የሚገበየው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ታሪክ በድንጋይ፣ በዕንጨት፣ በብረትና በድምፅም ተጽፎ ይገኛል፤ እርሱን ለማንበብ የሚያስፈልገው እግርና ጆሮ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሁለት የዕረፍት ቀናት ባገኘሁ ጊዜ፣ የቅዳሜን ቀን ለቤተ መዘክር፣ የቅዳሜን ምሽትና እሑድን ለሙዚቃ መድቤ አዲስ አበባን ብቻዬን ልጎበኝ ተነሣሁ። ብቻን መሆን በአገራችን ልማድ የሚያስመሰግን አይደለም፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላልና። ነገር ግን ጉብኝት እንደ ማዕድ አይደለም። ብቻውን የሚጎበኝ ሰው በወደደው ነገር ፊት የፈለገውን ያህል ይቆማል፤ የሚያቻኩለው የለም፤ ያየውንም ከገዛ ልቡ ጋር ይመረምራል።

ጉዞዬን የጀመርሁት ከስድስት ኪሎ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት አድላለሁ ብሎ ሕዝብ በሰበሰበ ጊዜ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት፣ በዚያም ሰበብ በከተማው ሕዝብ ላይ እልቂት የወረደበት ሥፍራ ይህ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. በተሞከረው የመፈንቅለ መንግሥት ጊዜም ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት በዚሁ ቤት ውስጥ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1954 ዓ. ም. ተመረቀ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1955 ዓ. ም.፣ ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑበት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በዚያው ተመሠረተ፤ ቤተ መዘክሩም የዚህ ተቋም ነው።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ ነገር ግን ወደ የትም የማያደርስ የደረጃ ሐውልት ቆሟል። ይህን የሠሩት ኢጣልያውያን ናቸው፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሙሶሊኒ ፋሽስታዊ አገዛዝ አንድ ዓመት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከድል በኋላ ሐውልቱ አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የአንበሳ ምስል ተቀመጠበት እንጂ። የጠላት ትዕቢት ለባለ አገሩ መቀመጫ ሆነ ማለት ነው። እኔም ይህን ካየሁ በኋላ፣ የአንድን ነገር ታሪክ የሚወስነው ማን ሠራው የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ማን ምን አደረገበት የሚለውም መሆኑን ተገነዘብሁ።

ወደ ውስጥ ዘልቄ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከተደረደሩበት ሥፍራ ቆምሁ። ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ጅማት ያለው መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ዐሥር አውታር ያለው በገና በየቦታቸው ነበሩ። በዚያው ሰዓት ተማሪዎችን ያስከተለ አንድ መምህር ደረሰ። አንዲት ልጅ በገናውን እያመለከተች «ጋሼ፣ ድምፁ እንዴት ያለ ነው?» ብላ ጠየቀችው። መምህሩ ጥቂት አሰበና «ወፍራም ነው፤ ያርገበግባል» አላት። ልጅቱ ራስዋን ነቀነቀች፤ ነገር ግን እንዳልገባት ከፊትዋ ይነበብ ነበር። መምህሩ አልዋሸም፤ አላጠፋምም። ጥፋቱ የመስተዋቱ ነው። መስተዋት ዕንጨቱን ከምስጥ ይጠብቃል፤ ድምፁን ግን ሊጠብቅ አይችልም።

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ወርጄ ብሔራዊ ሙዚየምን ጎበኘሁ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ. ም. በአፋር ምድር፣ በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ተመራማሪዎቹ በተገኘችበት ማታ በሰፈራቸው ቢትልስ የተባሉትን የእንግሊዝ ዘፋኞች ዘፈን በቴፕ ያሰሙ ስለ ነበር፣ በውጭ አገር «ሉሲ» የተባለችው ከዚያ ዘፈን በተወሰደ ስም ነው። ድምፅ እንደ ነፋስ ያልፋል ይባላል፤ ነገር ግን የዚያች ማታ ዘፈን ለዚህች ጥንታዊት አጽም ስም ሆኖ ቀረ።

በመሸ ጊዜ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ሄድሁ። ይህ ሕንፃ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለሲኒማ ተጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ተሻሽሎ በ1948 ዓ. ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። ሙዚቃው ሲጀመር ክራርና መሰንቆ ከነሐስ መለከቶች ጋር አብረው ተሰሙ። ይህም አብሮነት የራሱ ታሪክ አለው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከመስኮብ አገር የነሐስ መሣሪያዎች መጡ። በ1916 ዓ. ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ ከእልቂት የተረፉ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የቀድሞውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በዚሁ ቴአትር ቤት ለብዙ ዘመን ሙዚቃ አስተማሩ፤ አቀናበሩም። አገር አልባ የሆኑ ልጆች ላስጠጋቸው አገር መዝሙር መጫወታቸው ሳይታሰብ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እሑድ ጧት ፒያሳ ነበርሁ። በ1927 ዓ. ም.፣ ጦርነት በተቃረበበት ወራት፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በመኰንን ሀብተ ወልድ አሳቢነት ሲሆን፣ ሙዚቃና ንግግር ሕዝቡን ለነፃነቱ ለማነሣሣት ያገለግሉ ነበር። በዚያው አካባቢ በየካቲት 2016 ዓ. ም. የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። ሁለቱን በአንድ ጧት ያየ ሰው፣ አገር በጦርም በዜማም እንደሚጠበቅ ይረዳል።

ከሰዓት በኋላ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ አንድ ሽማግሌ በገና ሲደረድሩ ሰማሁ። ሕዝቡ ጥቂት ነበር፤ የሚናገርም አልነበረም። ያን ጊዜ የቅዳሜዋ ልጅ ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ የመምህሩ መልስ እውነት እንደ ነበረ፣ እንዳልበቃም ዐወቅሁ። የበገና ትምህርት በደርግ ዘመን ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ዘመንም በገናዎች በቤተ መዘክር ነበሩ፤ አንድም አውታር አልጎደለባቸውም። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ኋላ የተመለሰው በመስተዋት ውስጥ ከነበረው ዕንጨት አይደለም፤ በየቤታቸው፣ በዐቢይ ጾም ሌሊት፣ በትዕግሥት ሲደረድሩ ከኖሩ ሰዎች ጣት ነው እንጂ።

ስለዚህ ከዚህ አጭር ጉብኝት ያገኘሁትን አሳብ ላንባቢ አቀርባለሁ። ቤተ መዘክር ያለ ሙዚቃ ዲዳ ነው፤ ሙዚቃም ያለ ቤተ መዘክር መነሻውን ይረሳል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአፄ ምኒልክ ዘመን ፍጻሜ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ባያስቀርጹ ኖሮ፣ ዛሬ ስለ እርሳቸው የምናውቀው ወሬውን ብቻ በሆነ ነበር። በየወረዳው ያሉትን አረጋውያን ደርዳሪዎች ድምፅ ለመቅረጽ ግን ዛሬ ጀርመን አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አስቦ መነሣት ነው። ተማሪዎቹን ወደ ቤተ መዘክር የሚወስድ መምህር፣ ሲመለስ በደርዳሪው ደጅ ቢያልፍ፣ በጽሕፈት ቤት ያለው ሹምም ለዚህ መንገዱን ቢያቀናለት፣ ያች ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ በቃል ሳይሆን በድምፅ ይመለስላት ነበር።

እሑድ ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ እጄ ባዶ ነበር፤ የገዛሁት ዕቃ አልነበረም። ጆሮዬ ግን ባዶ አልነበረም።