ከቡናው ምጣድ እስከ ላፕቶፑ

ቦንጋ ላይ ቡና የምትቆላ እናት የሙቀት መለኪያ አትይዝም። ጭሱን ታያለች፣ ፍሬው ሲንጣጣ ታዳምጣለች፣ መልኩ መጥቆር ሲጀምር ፍሙን ትቀንሳለች። የምትቀንሰውም ቡናው ሳያር አስቀድማ ነው፤ የጋለ ምጣድ እሳቱ ቢነሳለትም ወዲያው እንደማይበርድ ታውቃለች። የኮንትሮል ኢንጂነሪንግ ሥሩ ይኸው ነው፦ ውጤቱን እያዩ ግብአቱን ማስተካከል፣ መዘግየቱንም ማስላት።

ሙያው ከሒሳቡ ይቀድማል። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን ፍጥነት በሚሽከረከሩ ኳሶች መግታት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1788 ነው፤ ማክስዌል ሒሳቡን የጻፈው ግን በ1868፣ ከ80 ዓመት በኋላ። ናይኩዊስት በ1932፣ ኢቫንስ በ1948 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ያወጧቸው የኮንትሮል ስልቶች በእርሳስና በማስመሪያ የሚሠሩ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ የምህንድስና ኮሌጅ በእኛ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. ሲከፈት የኢቫንስ ስልት ገና አምስት ዓመት ገደማው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሶፍትዌሮች የወለደው ለተማሪ መራራት ነው። ክሊቭ ሞለር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ማትላብን የጻፉት ተማሪዎቻቸው ፎርትራን ሳይጽፉ በማትሪክስ እንዲሠሩ ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ማትላብን የሚሸጥ ኩባንያ ተቋቋመ፤ መሣሪያው በዓለም ተስፋፋ፣ የሚከፈልበትም ሆነ። ጆን ኢተን እ.ኤ.አ. በ1992 መሥራት የጀመሩት ኦክቴቭ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ የታሰበው ለኬሚካል ምህንድስና ኮርስ ነበር፤ ተማሪዎቹ ትምህርቱን ትተው የፎርትራን ስህተት ሲያርሙ ይውሉ ነበርና። ኦክቴቭ ነፃ ነው። አንዴ ከወረደ በፍላሽ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ይሻገራል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል። የፈረንሳዩ ሳይላብም እንዲሁ ነፃ ነው። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ምጣዱን ወደ ስክሪኑ እናምጣው። ከመጨረሻ ሙቀቱ 63 በመቶውን ለመድረስ 10 ደቂቃ የሚፈጅ ምጣድ ነው እንበል። በግብረ መልስ አስረን ጌይኑን (ስህተቱ የሚባዛበትን ቁጥር) 9 ብናደርገው 10 ደቂቃው ወደ 1 ደቂቃ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ግን ከተፈለገው 90 በመቶ ላይ ይቆማል። አሁን የ3 ደቂቃ መዘግየት እንጨምርበት። ያው ጌይን 9 ሙቀቱን እየባሰ በሚሄድ መወዛወዝ ውስጥ ይከተዋል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ እናቱ ፍሙን ለምን ቀድማ እንደምትቀንስ ይገባዋል። ቀመሩን በቃሉ ብቻ የያዘ ግን በፈተና ማግስት ይረሳዋል፤ ትልቁ ጉዳታችንም ይህ ይመስለኛል።

ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት ነው፣ ገና ወጣት። የጅማው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሩቅ አይደለም። የኮንትሮል ኢንጂነሪንግ ኮርስ የምታስተምሩ፣ ልታስተምሩም የምታስቡ መምህራን፣ የመጀመሪያውን ሞዴል ከውጭ መጽሐፍ አትቅዱ። ቦንጋ ያለችበት ካፋ የቡና አገር ነው። አንድ ቴርሞከፕል ይዛችሁ ከተማሪዎቻችሁ ጋር ቡና ቁሉ፣ ሙቀቱን በየ30 ሴኮንዱ መዝግቡ፣ ላፕቶፑን ከዚያ በኋላ ክፈቱ።