ስንት መስመር ይገባዋል?

በአንድ ጋዜጣ የስፖርት ገጽ ላይ እሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ልጅ ከደብተር የገነጠላቸውን አራት ገጾች በእጁ ጽፎ ይዞልኝ መጣ። ጉዳዩ በሽቦ አጥር ውስጥ ገብተው በቡጢም በእርግጫም በትግልም ስለሚፋለሙ ሰዎች ነው፤ ዛሬ ቅይጥ ማርሻል አርት ስለምንለው። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣ "ወጣ እንዴ ጋሼ?" ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን ሰለቸኝና "ስማ የኔ ልጅ፣ ይሄ ድብድብ እንጂ ስፖርት አይደለም" አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን አይለቅም። "እሺ፣ ድብድብስ ቢሆን ስንት መስመር ይገባዋል?" አለኝ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። የእንግሊዝ ኳስ ገጹን ጨርሶብን ለአገራችን ሯጭ እንኳ ቦታ ስናጣ፣ ለዚህ የሚተርፍ መስመር ከየት ይመጣል? ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አላነበብኩትም።

ጥያቄው ግን እንደ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አልቀረም። ኋላ ላይ ነገሩን ሳገላብጥ፣ ጉዳዩ በተወለደበት አገር፣ በአሜሪካ፣ ጋዜጦች ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨቃጨቁበት የኖሩ ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳንተላለፍ።)

በፊት ጭቅጭቁ በቦክስ ላይ ነበር። በ1908 ጃክ ጆንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ሲድኒ ላይ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን፣ ለኒው ዮርክ ሄራልድ ይዘግብ የነበረው ደራሲ ጃክ ለንደን "ጄፍሪስ ከእርሻው ይውጣና ይመልስልን" የሚል ነገር ጻፈ። ጂም ጄፍሪስ ሳይሸነፍ ቀበቶውን ሰቅሎ ወደ እርሻው የገባ ነጭ ነው። ጋዜጦቹም ጉዳዩን ተቀባበሉት፤ ሰውዬውን ጎትጉተው ጎትጉተው አወጡት። ጁላይ 4 ቀን 1910 ሬኖ ላይ፣ ለ45 ዙር የተያዘው ግጥሚያ በ15ኛው ዙር በጆንሰን አሸናፊነት አለቀ። የዚያን ዕለት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሡ፤ ሰው ሞተ። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ የመስመር እጥረት አልነበረም። ገጽ ሙሉ ተጽፏል፤ የተጻፈው ነበር ክፉው።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኒው ዮርክ አንድ የሚያስቅ ሕግ አወጣች። ቦክስ ይፈቀዳል፤ ግን ከ10 ዙር አይበልጥም፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው በእግራቸው ከቆሙ ዳኛው አሸናፊውን አይናገርም። አሸናፊ ከሌለ ቁማር የለም ተብሎ መሆኑ ነው። ቁማርተኛ ግን መች መላ ያጣል? "የነገ ጋዜጣ ያሸነፈ ያለው አሸነፈ" ብሎ ተስማማ። ታዲያላችሁ፣ ከመድረኩ ሥር ማስታወሻ ይዞ የተቀመጠው ሪፖርተር ሳይሾም ዳኛ ሆነ። አንዱ ጋዜጣ እገሌ አሸነፈ ሲል ሌላው አይደለም እገሌ ነው ይላል፤ ገንዘብ ያስያዘው ሰው ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ሻጩን ከብቦ ይሟገታል። ፖስታ ይዞ ሪፖርተሩን የሚጠጋ የቦክሰኛ ወኪልም አልጠፋም፤ ፖስታውን የሚቀበልም እንደዚሁ። እስካሁን ድረስ በዘመኑ ቦክሰኞች መዝገብ ላይ "በጋዜጣ ውሳኔ" የሚል ውጤት ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሕጉ በ1917 ቀረ፤ በ1920 የወጣው ሌላ ሕግ ውሳኔውን ለዳኞች መልሶ ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚሽን አቋቋመ።

ይሄን ሁሉ የማወራው ስለ ቦክስ ለመተረክ አይደለም። ቅይጡ ፍልሚያ ሲመጣ ጋዜጣው ምን እንዳደረገ እንዲገባን ነው።

ኖቬምበር 12 ቀን 1993 ዴንቨር ከተማ ውስጥ ስምንት ሰዎች በአንድ ሌሊት፣ ስምንት ማዕዘን ባለው የሽቦ አጥር ውስጥ ተፋለሙ። ጓንት ግዴታ አይደለም፤ የክብደት ምድብ የለም። መንከስና ዓይን መጓጎጥ አይፈቀድም፤ ሌላው እንደፍጥርጥሩ ነው። ከሁሉም ቀጭን መሳይ የነበረው ብራዚላዊ ሮይስ ግሬሲ ሦስቱን በትግል መሬት ላይ እጅ አሰጥቶ አሸነፈ። ዩ ኤፍ ሲ የሚባለው ነገር እንዲህ ተጀመረ። ትልልቆቹ ጋዜጦች ለስፖርት ገጻቸው አልፈለጉትም። ስሙ መነሣት የጀመረው ፖለቲከኛ ሲቆጣ ነው፤ በ1996 ሴናተር ጆን ማኬን ለሃምሳዎቹም ክፍለ ግዛት ገዥዎች እንዲያግዱት ደብዳቤ ጻፉ፤ ነገሩንም ሰውን እንደ አውራ ዶሮ ማዋጋት ነው አሉት። (ማኬን ራሳቸው በባሕር ኃይል አካዳሚ ቦክሰኛ ነበሩ፤ ቡጢ ጠልተው አይደለም።) በ1997 ኒው ዮርክ አገደችው። ናያጋራ ፎልስ ሊደረግ የነበረው ግጥሚያ በመጨረሻው ሰዓት ወደ አላባማ ተጭኖ ሄደ፤ አጥሩም፣ ተፋላሚውም፣ ካሜራውም።

እኔን የሚያስገርመኝ ይሄ ነው። ጋዜጣው ርዕሰ አንቀጽ ላይ "ይታገድ ወይስ አይታገድ" ብሎ ይጽፋል፤ ግጥሚያው ቦታ ሄዶ ግን ማን ለማን ስንት ከፈለ፣ ሐኪም አለ ወይስ የለም ብሎ የሚጠይቅ ሪፖርተር አይልክም። ልክ እኔ እንዳደረግሁት ማለት ነው። ተቆጣሁ፤ አላነበብኩም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ፈጣን ነው። ኒው ጀርሲና ኔቫዳ ደንብ አወጡ፤ ጓንት፣ ዙር፣ የክብደት ምድብ፣ ሐኪም መጣ። በ2001 መጀመሪያ ላይ ድርጅቱ በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2005 በራሱ የቴሌቪዥን ውድድር ተመልካች አገኘ። በ2016 ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። እንግዲህ ቁጥሩን እያችሁ ፍረዱ። በዚህ መካከል ጋዜጦቹ ደግሞ በተራቸው ታመሙ፤ ኢንተርኔቱ ማስታወቂያቸውን ወሰደው፤ ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት ልማድ የተረፈውን የቦክስ ሪፖርተራቸውን እንኳ አሰናበቱ። ዘገባው በድረ ገጾች እጅ ወደቀ፤ አዳራሹን ደግሞ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ድርጅቱ ነው።

በጁን 2016 የሆነውን ልንገራችሁ። አሪኤል ሄልዋኒ የሚባል ታዋቂ የዘርፉ ጋዜጠኛ፣ ብሮክ ሌስናር ወደ ፍልሚያው ሊመለስ መሆኑን ድርጅቱ ራሱ ሳያውጅ ቀድሞ ዘገበ። ወሬው እውነት ነበር። ያን ምሽት ሎስ አንጀለስ አጠገብ ካለው አዳራሽ አስወጡትና ሁለተኛ ድርሽ እንዳትል አሉት። ጩኸቱ ሲበዛ ከሁለት ቀን በኋላ እገዳውን አነሡለት። ዘገባው ስህተት ነው ያለው ሰው የለም፤ ጥፋቱ መቅደሙ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 12፣ ከዴንቨሩ ሌሊት ልክ 23 ዓመት በኋላ፣ እገዳውን ያነሣችው ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደንን ከፈተችለት፤ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ የትኬት ገቢ ተሰበሰበ።

ከተፋላሚዎቹ መካከል አንዱ ፍራንሲስ ንጋኑ ነው። ካሜሩን ውስጥ ልጅ ሆኖ አሸዋ ሲቆፍር ያደገ፣ ሰሃራን ያቋረጠ፣ ሞሮኮ የተንገላታ፣ በባሕር ስፔን ገብቶ የታሰረ፣ ፓሪስ መንገድ ላይ ያደረ ሰው። ይሄን መንገድ የማያውቅ ሰፈር እኛ አገር የት አለ? በማርች 2021 ይህ ሰው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ያን ጊዜ ናይጄሪያ የተወለዱት ካማሩ ኡስማንና እስራኤል አዴሳንያም በየምድባቸው ቀበቶ ይዘው ነበር፤ ሦስት የአፍሪካ ልጆች በአንድ ጊዜ። በ2023 ንጋኑ ቀበቶውን እንደያዘ ከድርጅቱ ወጣ። የጤና መድን፣ የራሱን ስፖንሰር የመያዝ ነጻነት፣ ስለ ተፋላሚዎች የሚናገር ተወካይ ጠይቆ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሪያድ ላይ ታይሰን ፉሪን በቦክስ ገጥሞ በሦስተኛው ዙር መሬት አስነካው፤ በነጥብ ግን ተሸነፈ። ዓለም የዘገበው ያቺን ቡጢ ነው። የጤና መድኑን ስንቱ ዘገበው?

በ2014 ተፋላሚዎች ድርጅቱን ገበያውን ጠቅልሎ ይዞ ክፍያችንን አሳንሷል ብለው ከሰሱት። በክርክሩ የወጡ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ለተፋላሚዎቹ የሚደርሰው ከገቢው 20 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነበር፤ በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ የተጫዋቾቹ ድርሻ ግማሽ ያህል ነው። ክሱ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ በ2025 መጀመሪያ በ375 ሚሊዮን ዶላር እርቅ ጸደቀ።

"ጋዜጣ ከጻፈበት ደም ማየትን ማለማመድ ነው" የሚሉ አሉ። እኔም ፍልሚያውን በጣቶቼ መካከል እያሾለቅሁ ነው የማየው፤ አልወደውም። ግን በ1982 ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንሲኒ ጋር ተጋጥሞ ከቀናት በኋላ የሞተውን ኮሪያዊ ቦክሰኛ አስቡት፤ ግጥሚያው በአሜሪካ ቴሌቪዥን በቀጥታ ታይቷል፣ ጋዜጦችም አልዘለሉትም። ብዙም ሳይቆይ የዓለም ቦክስ ምክር ቤት የሻምፒዮና ግጥሚያውን ከ15 ዙር ወደ 12 አወረደው። በ2015 ደግሞ ማኒላ ላይ አንድ የ21 ዓመት ቻይናዊ የቅይጥ ማርሻል አርት ተፋላሚ ገና ወደ አጥሩ ሳይገባ ሞተ። ለሚዛን ብሎ ውሃውን ከሰውነቱ ሲያወጣ። ነገሩ ተሰማ፤ ያን ግጥሚያ ያዘጋጀው ድርጅትም ደንቡን ለወጠ።

ስለዚህ ልጁ ዛሬ ቢጠይቀኝ የምለው አለኝ። ለውጤቱ አራት መስመር፤ ማን ማንን በስንተኛው ዙር እንደዘረረ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ለሚዛኑ አንድ ዓምድ። ለውሉና ለክፍያው ግማሽ ገጽ። ለፎቶው እጨቃጨቃለሁ፤ ደሙን አላወጣም።

ከዚያ ጋዜጣ ስለቅ መሳቢያዬን ስጠርግ አራቱን ገጾች አገኘኋቸው። ቆሜ አነበብኳቸው። ስለ ቡጢ ያለው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የቀረው ሁሉ ስለ ሚዛን ነው፤ ተፋላሚው ከግጥሚያው በፊት እንዴት ላብ ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ውሃ እንደሚከለከል፣ ከሚዛን ሲወርድ እንደገና እየጠጣ እንደሚያድር። ከታች ስሙን ጽፏል። አድራሻ አልነበረውም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ስለሚመጣ አላስፈለገውም መሰለኝ።