የመጋቢ ምርጫ በዊኪፔዲያ

የመጋቢ ምርጫ የዊኪፔዲያ ጸሐፊዎች ገጽ የመሰረዝ፣ የመቆለፍና ተጠቃሚን የማገድ ሥልጣን ከመካከላቸው ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑበት ሥርዓት ነው። ሥራው የበጎ ፈቃድ ነው፤ ደመወዝ የለውም። መራጭና ተመራጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚተዋወቁት በብዕር ስም ብቻ በመሆኑ ዲግሪም ሆነ የሥራ ልምድ ማስረጃ እምብዛም አይጠቅምም። የሚመረመረው እጩው በየገጹ የለውጥ ታሪክ ላይ ትቶት ያለፈው ዱካ ነው። እያንዳንዱ የቋንቋ እትም የራሱን የምርጫ ደንብ ያወጣል። ሁሉም ዘንድ የሚመላለሰው ችግር ግን አንድ ነው፦ የሰጡት ሥልጣን በቀላሉ የማይነሳ ሲሆን ሰጪው እጁን ይሰበስባል። (በዚህ መጣጥፍ፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሥልጣኑና ወሰኑ

ማንኛውም ሰው በዊኪፔዲያ ላይ መጣጥፍ መጻፍ፣ ማረምና የሌላውን እርማት ወደ ነበረበት መመለስ ይችላል። መጋቢ በዚህ ላይ የሚጨመርለት ጥቂት ቁልፍ ነው። ገጽ ይሰርዛል፤ የተሰረዘውን አይቶ ይመልሳል፤ ጠብ የበዛበትን ገጽ ይቆልፋል፤ አጥፊን ለሰዓታት ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ያግዳል። በይዘት ክርክር ግን ድምፁ ከማንኛውም ጸሐፊ ድምፅ አይበልጥም። ራሱ በገባበት ጭቅጭቅ ቁልፉን መጠቀም ከሥልጣን ሊያስነሳው የሚችል ጥፋት ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የመጋቢነት ምልክት መወልወያ ነው፤ የዕለት ሥራው የስድብ ገጾችን መሰረዝ፣ ተሸሽጎ የገባ ማስታወቂያን ማንሳትና እየተመላለሰ የሚያጠፋን ሰው መለያ መዝጋት ነውና።

ከቁልፎቹ ሁሉ ቀላል የሚመስለው የተሰረዘ ገጽ ማየት ነው። ሆኖም በተሰረዙ ገጾች ውስጥ የሰው ስልክ ቁጥር፣ የስም ማጥፋት ጽሑፍ፣ የቅጂ መብት የተጣሰበት ሥራ ይገኛል። የዊኪፔዲያን ሰርቨሮች የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ይህ መብት ማኅበረሰቡ መርምሮ ላላጸደቀው ሰው እንዳይሰጥ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ድርጅቱ መጋቢዎችን ራሱ አይሾምም፤ ሹመቱ የጸሐፊዎቹ ጉዳይ ነው።

አመጣጥ

ዊኪፔዲያ በጥር 2001 በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር ሲጀመር ጸሐፊዎቹ ጥቂት ስለነበሩ መብቱ የሚገኘው በመጠየቅ ነበር። ሥራው የታወቀለት ሰው ይጠይቃል፤ ተቃዋሚ ካልተነሳ ይሰጠዋል። በየካቲት 2003 ዌልስ መጋቢነት እንደ ትልቅ ነገር መታየት እንደሌለበት፣ ቁልፉ ለሁሉም ያልተሰጠውም በቴክኒክ ምክንያት ብቻ እንደሆነ ለጸሐፊዎቹ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የመጋቢነት ጥያቄ የሚቀርብበት መደበኛ ገጽ ተከፈተ።

የዌልስ ሐሳብ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ በተግባር ግን የቆየው ጥቂት ዓመት ነው። ዊኪፔዲያ በዓለም ላይ ብዙ ከሚነበቡ ድረ ገጾች አንዱ ሲሆን፣ ስለ ራሱ የተጻፈው ገጽ እንዲሰረዝ ወይም እንዲቆለፍ የሚሻው ሰው በዛ፤ የሰራዡና የቆላፊው ማንነትም ከበደ። በ2007 ከእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ባለ ሥልጣናት አንዱ የሥነ መለኮት ፕሮፌሰር ነኝ ሲል የቆየው በሐሰት እንደነበር ሲጋለጥ ጉዳዩ የዓለም ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ። ሰውየው ሥልጣኑን ለቀቀ። እጩው ስለ ራሱ የሚናገረው ሳይሆን ሥራው ይታይ የሚሉ ወገኖች ይህን አጋጣሚ በማስረጃነት ያቀርቡታል።

የእንግሊዝኛው ሥርዓት

በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ ጸሐፊ ራሱን ያቀርባል፣ ወይም ሌላ ጸሐፊ ያቀርበዋል። በደንቡ መሠረት ራሱን ለማቅረብ ቢያንስ 30 ቀን የቆየና 500 እርማት ያደረገ መሆን ይበቃዋል። በተግባር ግን ብዙ ሺህ እርማትና ቢያንስ የዓመት ተሳትፎ የሌለው እምብዛም አያልፍም። ሳይበስል የቀረበ እጩ ሲያጋጥም ነባሮቹ ገጹን ቶሎ ዘግተው በደግ ቃል ይመልሱታል።

ውይይቱ ለሰባት ቀን ክፍት ሆኖ ይቆያል። የገጹ አናት ላይ ሁሌም የሚቀርቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው እጩው ለምን መጋቢ መሆን እንደፈለገ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከሠራው ሁሉ የቱ እንደሚያኮራው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሌሎች ጋር ተጋጭቶ ያውቅ እንደሆነና እንዴት እንደተወጣው ይጠይቃል። ሌሎች ጸሐፊዎች ተጨማሪ ጥያቄ ማከል ይችላሉ፤ ገጹ የመስቀለኛ ጥያቄ መድረክ እየመሰለ በመምጣቱ ግን አንድ ሰው ከሁለት በላይ እንዳይጠይቅ ተወስኗል። ከጥያቄዎቹ በታች ድጋፍ፣ ተቃውሞና ገለልተኛ የሚሉ ሦስት ክፍሎች ይከተላሉ። መራጩ ተራ ቁጥር ይዞ ምክንያቱን ይጽፋል፤ ይፈርማል። የደጋፊው ቃል አንድ መስመር ቢሆንም ይበቃል። ተቃዋሚው ግን ብዙ ጊዜ ከታሪክ መዝገቡ ማስረጃ ይመዛል፦ ከሁለት ዓመት በፊት ያለ አግባብ ይሰረዝ የተባለ መጣጥፍ፣ ለጀማሪ የተወረወረ ሻካራ ቃል፣ ምክንያቱ ያልተጻፈ እርማት።

ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ቢሮክራት የሚባሉ፣ እነሱም በማኅበረሰቡ የተመረጡ፣ ጥቂት ሰዎች ውጤቱን ያነባሉ። ከደጋፊና ከተቃዋሚ ድምር ውስጥ ድጋፉ ከ75 በመቶ በላይ ከሆነ እጩው በአብዛኛው ያልፋል፤ ከ65 በመቶ በታች ከሆነ ይወድቃል። በመካከል ያለውን የሚወስኑት የምክንያቶቹን ክብደት መዝነው ነው። መመዘኛው እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ ከ70 እስከ 80 በመቶ ነበር፤ ዝቅ የተደረገው የእጩ ቁጥር እየቀነሰ በመሄዱ ነው።

መራጮች የሚመለከቱት

በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ሞይራ በርክና ሮበርት ክራውት በ2008 ባቀረቡት ጥናት የብዙ እጩዎችን መዝገብ አነጻጽረዋል። በመጣጥፍ ላይ የተደረገ የእርማት ብዛት ለስኬት ደካማ ምልክት ሆኖ አገኙት። ከእሱ ይልቅ የሚያስመርጠው የተሳትፎ ስብጥር ነበር፦ ደንብ በሚረቀቅበት ውይይት መሳተፍ፣ በአንድ ርእስ ዙሪያ በተሰባሰቡ የሥራ ቡድኖች ውስጥ መሥራት። ማለትም ብዙ ሰው ዝምተኛውን ጎበዝ ጸሐፊ ቢያከብረውም፣ ቁልፉን የሚያስረክበው ሲከራከር ላየው ሰው ነው።

ይህ ለእጩው አጣብቂኝ ይፈጥራል። ባልተከራከረ ሰው ላይ መራጩ መተማመኛ ያጣል። ብዙ የተከራከረ ደግሞ ያስቀየማቸው ሰዎች ሰባቱን ቀን ጠብቀው ይመጣሉ። ለመጋቢነት የሚያስቡ አንዳንድ ጸሐፊዎች አወዛጋቢ ርእሶችን ለወራት መሸሽ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የእጩዎች መመናመንና የ2024 ለውጥ

በ2007 ብቻ ከ400 በላይ መጋቢዎች ተመርጠው ነበር። በ2012 የተመረጡት 30 አልሞሉም፤ በ2021 ከ10 በታች ሆኑ። ሥራው ግን አልቀነሰም፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በ2025 ሰባት ሚሊዮን መጣጥፍ አልፏል። መጋቢዎቹ ከ800 በላይ ቢሆኑም በየዕለቱ የሚሠሩት የተወሰኑት ናቸው።

ለመመናመኑ ብዙ ምክንያት ይሰጣል። ሰባት ቀን ሙሉ በአደባባይ መመርመር ብዙዎችን ያሸሻል። ሥር የሰደደው ምክንያት ግን የመውረጃው መንገድ ነበር። መጋቢነት የጊዜ ገደብ የለውም። አንድ ዓመት ያልሠራ መብቱ ይነሳል እንጂ፣ እየሠራ የሚያጠፋን ሰው ሊያወርድ የሚችለው በ2004 ሥራ የጀመረው የግልግል ጉባኤ ብቻ ነበር። የጉባኤው ሂደት ረጅምና አድካሚ በመሆኑ መራጩ እንደ ዕድሜ ልክ ሹመት ቆጥሮ ያጠብቅ ነበር፤ በጥርጣሬ ጊዜም «አይሆንም» ማለት ይቀለው ነበር።

በ2024 ማኅበረሰቡ ሁለቱንም ጫፍ ነካ። በአንድ በኩል መጋቢን የማስጠራት ደንብ ጸደቀ፤ ልምድ ያላቸው 25 ጸሐፊዎች በ30 ቀን ውስጥ ከፈረሙ መጋቢው ዳግመኛ ድምፅ ማግኘት አለበት። በሌላ በኩል በጥቅምት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የምስጢር ድምፅ ምርጫ ተሞከረ። እጩዎች በአንድ ላይ ቀረቡ፤ ለሦስት ቀን ተጠየቁ፤ ከዚያ ለሰባት ቀን ማን ለማን እንደሰጠ ሳይታወቅ ድምፅ ተሰጠ። ማለፊያው 70 በመቶ ነበር። ከ32 እጩዎች 11 አለፉ። አሠራሩ በኋላ ቋሚ ሆኖ ከነባሩ ጎን ለጎን ቀጠለ። ተቺዎቹ ምስጢራዊው ድምፅ ምክንያት አይጠይቅም ይላሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ለብዙዎች መጋለጥን ያስቀረው ያ መሆኑን ያነሳሉ።

ሌሎች እትሞች

በጀርመንኛው ዊኪፔዲያ ድምፅ የሚሰጠው ለ14 ቀን ሲሆን ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ያስፈልጋል። ከ2009 ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ 25፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ 50 ጸሐፊዎች የጠየቁበት መጋቢ ዳግም መመረጥ አለበት። የስዊድንኛው ሹመቱን ለአንድ ዓመት ብቻ ይሰጣል። በጣልያንኛው በየዓመቱ የማረጋገጫ ጊዜ አለ፤ በቂ ተቃዋሚ ካልተነሳ መጋቢው ይቀጥላል።

ምርጫው ሲበላሽ የሚደርሰውን ጉዳት በግልጽ ያሳየው የክሮኤሽያኛው እትም ነው። እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ጥቂት መጋቢዎች ለአሥር ዓመት ያህል እትሙን ተቆጣጥረው ታሪክን በጽንፈኛ ብሔርተኝነት ሲያጣምሙና የተቃወማቸውን ሲያግዱ ቆዩ። በ2013 የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ዜልኮ ዮቫኖቪች ተማሪዎች እንዳይጠቀሙበት እስከ መምከር ደረሱ። ከ2020 መገባደጃ ጀምሮ ማኅበረሰቡ ቡድኑን ከሥልጣን አስነሳ፤ በ2021 ፋውንዴሽኑ የጉዳዩን ምርመራ ይፋ አደረገ። ችግሩ የከፋው የሚያግደውም፣ ስለ ዕግዱ የሚቀርበውን አቤቱታ የሚሰማውም፣ በአዲስ እጩ ላይ ድምፅ የሚሰጠውም ያው ቡድን ስለነበር ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፋውንዴሽኑ በቻይንኛው እትም 7 ተጠቃሚዎችን አግዶ የሌሎች 12 ሰዎችን የመጋቢነት መብት አንስቷል፤ ዋናው ምክንያት የተጠቃሚዎች ደኅንነት ነበር።

ትናንሽ እትሞችና አማርኛ

መራጭ በሌለበት መቶኛ ትርጉም የለውም። በትናንሽ እትሞች እጩው በራሱ ቋንቋ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠብቃል፤ ከዚያ ስቱዋርድ ለሚባሉት ዓለም አቀፍ በጎ ፈቃደኞች ያመለክታል። ስቱዋርዶች ከ2004 ጀምሮ የሚመረጡ ሲሆን፣ ቢያንስ 30 ደጋፊና 80 በመቶ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል። በእጩው ላይ ድምፅ የሰጡት ጥቂት ከሆኑ ስቱዋርዶቹ መብቱን የሚሰጡት ለሦስት ወር፣ ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ነው፤ ጊዜው ሲያበቃ እጩው ተመልሶ ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልታየ መጋቢ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ማኅበረሰቡ ካልተከላከለለት መብቱን ያጣል።

15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች ያሉት የአማርኛው እትም፣ በራሱ አጻጻፍ ውክፔዲያ፣ ከእነዚህ ይመደባል። ለሹመቱ «መጋቢ» የሚለውን ቃል የመረጠው እሱ ነው፤ በቤተ ክህነት ሲሠራበት የኖረ፣ አደራን የሚያመለክት ቃል ነው። መጋቢዎቹ በጣም ጥቂት ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ በስም ፈርሞ «አልደግፍም» ማለት ለይሉኝታ ይጋለጣል፤ አንድ ሰው ሁለት ሦስት መለያ ከፍቶ ቢመርጥም ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።

ስቱዋርዶች ከሩቅ ሆነው የስድብና የማስታወቂያ ገጾችን ማጽዳት ይችላሉ። ይዘቱ ላይ ሲደርሱ ግን ፊደሉን የማያነብ ሰው አቅም ያልቃል። አንድ ሰው በዓድዋ ጦርነት መጣጥፍ ላይ 1896ን አጥፍቶ 1888 ቢጽፍ፣ ከውጭ ለሚያየው ጥፋት ይመስላል፤ አማርኛ አንባቢው ግን ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን፣ የተለወጠው የዘመን አቆጣጠሩ ብቻ እንደሆነ ወዲያው ይረዳል። በዚህ ምክንያት አራሚውን የማገዱ ወይም የማመስገኑ ውሳኔ ቋንቋውን ለሚያውቅ መጋቢ ይተዋል፤ እንደዚያ ያለ መጋቢ ባልተገኘበት ጊዜ ገጹ እርማቱን እንደያዘ ይቆያል።