ለአያቶቻችን ፊት የትኛው ሌንስ?

ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ የሚያነሳበት ትልቁ ካሜራ፣ ላርጅ ፎርማት የሚባለው፣ ያው ሣጥን ነው። ወሳኙ ከፊቱ የሚገጠመው ሌንስ ነው፤ የመቶ ዓመቱም የቅርቡም ይገጠምለታል። ቄሶቻችንንና አያቶቻችንን በዚህ ካሜራ ለማንሳት ስናስብ በሞዓዶናችን የተከራከርነው በዚሁ ነው፤ አሮጌ ሌንስ ይሻላል ወይስ አዲስ? ታሪኩን ካላወቁ ክርክሩ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1839 ዳጌር ሥራውን ለዓለም ሲያሳውቅ የነበረው ሌንስ የሚያስገባው ብርሃን በጣም ትንሽ ነበር። ፊቱን መነሳት የፈለገ ሰው ፀሐይ ላይ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። በ1840 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ መምህር የነበረው ዮሴፍ ፔትስቫል መላ አመጣ። የሠራው በስሌት ነው፤ ስሌቱ ብዙ ስለነበር ሂሳብ የሚችሉ የኦስትሪያ ጦር መድፈኞች ተሰጡት። መድፈኛ ለፎቶ ሲያሰላ አስቡት እስቲ! በፎክትለንደር ፋብሪካ የተሠራው ይህ ሌንስ ከቀድሞው 15 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባ ነበር። ፔትስቫል ግን የአንድ ጊዜ ክፍያ ብቻ ደርሶት ከፋብሪካው ጋር ተጣላ።

የፔትስቫል ሌንስ መሃሉ ጥርት ያለ ነው፤ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፣ ከሰውዬው ጀርባ ያለው ነገርም የሚሽከረከር ይመስላል። ዛሬ ሰው ውድ ዋጋ የሚከፍልበት ይህ “ውበት” ያኔ ጉድለት ነበር።

ሌላው ጣጣ ነጸብራቅ ነው። ቅብ የሌለው መስታወት አየር በሚነካበት በእያንዳንዱ ገጽ ከብርሃኑ 4 በመቶ ያህሉ ይመለሳል፤ ከዚያም ውስጥ ለውስጥ እየተንከራተተ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። በ1902 ፓውል ሩዶልፍ ለዛይስ ያወጣው ቴሳር እንዲህ ያለ ገጽ 6 አለው። በ1892 በጎርዝ ፋብሪካ የወጣው ዳጎር ግን 6 መስታወቶቹ ሦስት ሦስት ሆነው ስለተጣበቁ ያለው ገጽ 4 ብቻ ነው። ለዚህ ነው ያለ ቅብም እስከዛሬ የሚወደደው። በ1935 የዛይሱ ስማኩላ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ቅብ ካመጣ በኋላ ግን የገጽ ብዛት ያን ያህል አያስፈራም፤ አዳዲሶቹ ሌንሶች 8 ገጽ ይዘውም ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ሹተርም አለ። ጥንት ፎቶ አንሺው ክዳኑን በእጁ አንስቶ፣ ቆጥሮ ይመልስ ነበር። የዛሬው ፊልም ፈጣን ስለሆነ ቀን በፀሐይ ይህ አይሆንም።

ከእኛ አንዳንዶቹ “ለሽማግሌ አሮጌ ሌንስ ነው የሚያምረው” አሉ። አብዛኞቻችን አልተስማማንም። በኢየሩሳሌም የአሜሪካን ኮሎኒ ፎቶ አንሺዎች በ1936 አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሲመጡ አንስተዋቸዋል፤ ያኔ የነበረው ሌንስ የዘመኑ ሌንስ ነው፣ ማንም ሆን ብሎ አላስረጀውም። እኛ ዛሬ አያታችንን በፔትስቫል ብናነሳት ግን ከሙዚየም የወጣች ትመስላለች። እሷ እኮ ነገ ጠዋት አውቶቡስ ይዛ ኩፓት ሆሊም የምትሄድ ሴት ናት! እንደ ጥንት ቅርስ የሚያዩን ሌሎች አልጠፉም፤ እኛ መጨመር የለብንም። የፊቷ መስመር ሁሉ፣ ንቅሳቷም ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ ይታይ።

ስለዚህ ቅብና ሹተር ያለው አዲስ ሌንስ መርጠናል። ገንዘቡ ካልበቃ ዳጎር እንፈልጋለን፣ ሹተር ያለው ከተገኘ።