የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት (4ኛው የሥራ ዘመን፣ 2003–2007 ዓ.ም.)

4ኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ የተመረጡ 547 አባላት የነበሩት የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕግ አውጪ አካል ነው። ሥራውን የጀመረው መስከረም 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲሆን የሥራ ዘመኑ በ2007 ዓ.ም. አብቅቷል። ከ547ቱ አባላት 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋር ድርጅቶቹ ነበሩ። ከእነርሱ ውጪ የነበሩት አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭና አንድ የግል ተመራጭ ብቻ ናቸው። በአገሪቱ በተከታታይ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሦስት ሰዎች፣ ማለትም መለስ ዜናዊ፣ ኃይለማርያም ደሳለኝና ዐቢይ አሕመድ፣ የዚህ ምክር ቤት አባላት ነበሩ።

ሕገ መንግሥታዊ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሟል፤ እነርሱም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ናቸው። ሕግ የማውጣት ሥልጣን የመጀመሪያው ነው። በአንቀጽ 54 መሠረት አባላቱ በየአምስት ዓመቱ በቀጥታና በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ ይመረጣሉ፤ ቁጥራቸውም ከ550 መብለጥ አይችልም። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ ልዩ ውክልና ለሚያስፈልጋቸው አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች የተጠበቀ ነው።

እያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ ይልካል። ከተወዳዳሪዎች ሁሉ ብልጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል እንጂ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። በዚህ ሥርዓት ተሸናፊው ያገኘው ድምፅ ወደ መቀመጫ ስለማይለወጥ፣ አንድ ፓርቲ በብዙ ቦታ ሁለተኛ ወጥቶ ያለ ወንበር ሊቀር ይችላል።

አባሉ ከተመረጠ በኋላ የመላው ሕዝብ ተወካይ ይሆናል። ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ አይከሰስም። በከባድ ወንጀል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይታሰርም። መራጮቹ እምነት ካጡበት በሕግ መሠረት ውክልናውን ሊያነሡ ይችላሉ።

የ2002 ዓ.ም. ምርጫ

ከዚህ በፊት በነበረው 3ኛው የሥራ ዘመን፣ በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ደግሞ 11 መቀመጫ አግኝተው ነበር። ውጤቱን ተከትሎ በተነሣው ውዝግብ ከቅንጅት ተመራጮች ከፊሎቹ ምክር ቤት ሳይገቡ ቀርተዋል። ይሁን እንጂ ፓርላማው በርካታ የተቃዋሚ አባላት ነበሩት።

በ2002 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 1 ወረደ። ዋናው ተፎካካሪ፣ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ አንድነት መድረክ (መድረክ)፣ ምርጫው እንዲደገም ቢጠይቅም ምርጫ ቦርድም ሆነ ፍርድ ቤት አቤቱታውን አልተቀበሉትም። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ ቡድን የምርጫው ዕለት በሰላም መጠናቀቁን ገልጾ፣ የውድድር ሜዳው ለሁሉም እኩል እንዳልነበረ አስታውቋል። መንግሥትና ገዢው ፓርቲ በበኩላቸው ውጤቱን ሕዝቡ ለልማት የሰጠው ድጋፍ መግለጫ አድርገው አቅርበውታል።

የመቀመጫ ክፍፍል በፓርቲ

– የኢትዮጵያ ሕዝቦች አብዮታዊ ዴሞክራሲያዊ ግንባር (ኢሕአዴግ)፦ 499
– የኢትዮጵያ ሶማሌ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ፦ 24
– የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ፦ 9
– የአፋር ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ፦ 8
– የጋምቤላ ሕዝቦች አንድነት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፦ 3
– የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ፦ 1
– የአርጎባ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት፦ 1
– መድረክ፦ 1
– የግል ተመራጭ፦ 1

ኢሕአዴግ የአራት ድርጅቶች፣ ማለትም የሕወሓት፣ የብአዴን፣ የኦሕዴድና የደኢሕዴን፣ ግንባር ነበር። ከኢሶሕዴፓ እስከ አርጎባ ድርጅት ያሉት ስድስቱ ፓርቲዎች የግንባሩ አባል ባይሆኑም «አጋር ድርጅቶች» ተብለው ይታወቁ ነበር። የስድስቱ ድምር 46 መቀመጫ ነው።

የመቀመጫ ክፍፍል በክልል

– ኦሮሚያ፦ 178
– አማራ፦ 138
– ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች፦ 123
– ትግራይ፦ 38
– አዲስ አበባ፦ 23
– ሶማሌ፦ 23
– ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፦ 9
– አፋር፦ 8
– ጋምቤላ፦ 3
– ሐረሪ፦ 2
– ድሬዳዋ፦ 2

የሴቶች ውክልና

ከአባላቱ 152ቱ፣ ማለትም 27.8 በመቶ የሚሆኑት፣ ሴቶች ነበሩ። በቀዳሚው የሥራ ዘመን ድርሻቸው 22 በመቶ ገደማ ነበር። በተከታዩ 5ኛው ምክር ቤት ደግሞ ቁጥራቸው 212 (38.8 በመቶ) ደርሷል።

ታዋቂ አባላት

አባዱላ ገመዳ፦ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ። ቀደም ሲል የመከላከያ ሚኒስትርና የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ነበሩ።

መለስ ዜናዊ፦ መስከረም 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ምክር ቤቱ እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሰየማቸው። ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ እያሉ ዐረፉ።

ኃይለማርያም ደሳለኝ፦ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ቆይተው በ2005 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ዐቢይ አሕመድ፦ ከአጋሮ የተመረጡ የኦሕዴድ አባል። በቀጣዩ የሥራ ዘመን፣ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል።

ግርማ ሰይፉ፦ ከአዲስ አበባ በመድረክ ስም የተመረጡ፣ የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ (አንድነት) አባል። በምክር ቤቱ ብቸኛው የተቃዋሚ ድምፅ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. የኢዜማ አባል ሆነው የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ኮሚሽነር ተሹመዋል።

አሸብር ወልደጊዮርጊስ (ዶ/ር)፦ ከደቡብ ክልል በግል ተወዳድረው የተመረጡ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩ ሲሆን በኋላም የኦሊምፒክ ኮሚቴው ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

የአሠራሩ ውጤት

በሕገ መንግሥቱ መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል፤ አስፈጻሚውን አካል የሚያደራጀውም በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያለው ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች ናቸው። ስለዚህ መንግሥትን የሚቆጣጠረው ምክር ቤትና የሚመራው ፓርቲ ሊለያዩ የሚችሉት በምክር ቤቱ ውስጥ በቂ ቁጥር ያለው ሌላ ወገን ሲኖር ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው አንቀጽ 55 ነው። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው አካል በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ መወያየት አለበት። በ547 መቀመጫ ይህ ቁጥር 183 ይሆናል። በ4ኛው ምክር ቤት ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጪ የነበሩት ሁለቱ አባላት ይህን መብት በራሳቸው ሊጠቀሙበት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። የቀራቸው መናገር፣ መጠየቅ፣ መቃወምና ድምፅ መስጠት ነበር። የግርማ ሰይፉ ጥያቄዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሪፖርት ወቅት ልዩ ትኩረት ይስቡ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአዳራሹ የተቃዋሚውን ወገን ሐሳብ የሚያቀርብ ሌላ የፓርቲ ተወካይ አልነበረምና።

ዋና ዋና ውሳኔዎች

የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ከተያዘው የመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጋር የተገጣጠመ ነበር። በዘመኑ ከወጡት ሕጎች መካከል የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ (ቁጥር 715/2003)፣ የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ (ቁጥር 721/2004)፣ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ (ቁጥር 761/2004) እና የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ (ቁጥር 886/2007) ይገኙበታል።

በሰኔ 2003 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር በአሸባሪነት ሰየመ። ሦስቱ አገር በቀል ድርጅቶች ከዝርዝሩ የወጡት ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በ5ኛው ምክር ቤት ውሳኔ ነው።

አቶ መለስ ሲያርፉ ምክር ቤቱ በክረምት ዕረፍት ላይ ነበር፤ መደበኛ ስብሰባው ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነውና። ስለዚህ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. በአስቸኳይ ስብሰባ ኃይለማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሰኔ 6 ቀን 2005 ዓ.ም. የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። መስከረም 27 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው ሙላቱ ተሾመን (ዶ/ር) የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ።

ቀጣዩ የሥራ ዘመን

ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሁሉንም 547 ወንበሮች ያዙ። ከምርጫው በፊት፣ በጥር 2007 ዓ.ም.፣ ምርጫ ቦርድ በአመራር ውዝግብ ውስጥ የነበረውን የአንድነት ፓርቲ ዕውቅና ለሌላ ቡድን ሰጥቶ ነበር። 5ኛው ምክር ቤት መስከረም 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲከፈት በውስጡ አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ ወይም የግል ተመራጭ አልነበረም። በዚህም 4ኛው ምክር ቤት በኢሕአዴግ ዘመን ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጪ የተመረጠ አባል የነበረበት የመጨረሻው ፓርላማ ሆኗል።