ከሽርሽር የተወለደች ከተማ

ብዙ ከተሞች የተቆረቆሩት በምሽግ፣ በገበያ ወይም በንግድ መንገድ ሰበብ ነው። የአዲስ አበባ አመጣጥ ለየት ይላል። መነሻዋ አንድ ቤተሰብና አጃቢዎቹ ገላቸውን ታጥበው፣ በልተውና ጠጥተው አየር ሊቀይሩ የወረዱበት ሞቃት ውሃ ነው።

በ1870ዎቹ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ አደረጉ። ቦታው ለጦር የተመረጠ ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ አራቱንም ማዕዘን መቃኘት ይቻላል፤ ጠላትም ዳገቱን ወጥቶ ለመድፈር ይቸገራል። ለኑሮ ግን አይመችም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ነፋሱ ያንገላታል፣ ስንቁም በአህያና በሰው ጀርባ ሽቅብ መጋዝ አለበት።

ከጋራው በታች ያለው ሜዳ ሌላ ዓለም ነው። የአካባቢው ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት በዚያ ስፍራ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ውሃ ነበር። ሜዳው ቤተ መንግሥቱ ከመድረሱ አስቀድሞ የሰው መኖሪያና የከብት መሰማሪያ ነበር። ንጉሡና እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከመኳንንቱ ጋር ወደዚያ እየወረዱ ድንኳን ያስተክሉ ጀመር። በፍል ውሃው ይታጠባሉ፣ ሰንበት ብለው ወደ ጋራው ይመለሳሉ። የመቆያው ጊዜ እየረዘመ ሄደ።

የዘመኑን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ እንደሚተርኩት፣ ጣይቱ ከድንኳናቸው ደጃፍ ሆነው የሜዳውን ውበት ቢያዩ ልባቸው ተነካ፤ ቤት የሚሠሩበት ቦታ እንዲሰጣቸውም ንጉሡን ጠየቁ። ምኒልክም ፈቀዱ። በዚሁ ትረካ ውስጥ የምኒልክ አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም አሉ። እሳቸው ቀደም ሲል እዚያው አካባቢ ገበጣ ሲጫወቱ የልጅ ልጃቸው በስፍራው ከተማ እንደሚሠራ ተናግረው ነበር ይባላል። ትንቢቱን ማመን አለማመን የአንባቢ ፋንታ ነው። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕዝቡ የዋና ከተማውን መነሻ ሲተርክ ያኖረው በጨዋታና በፍል ውሃ ዳር መሆኑ።

1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር የዘመቱበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ጣይቱ የቤቱን ሥራ አስጀመሩ፤ ለስፍራውም አዲስ አበባ የሚለውን ስም ሰጡት። መኳንንቱ በየአቅጣጫው መሬት እየተመሩ ሰፈሩ፤ አሽከሩ፣ ባለሙያውና ነጋዴው ተከተለ። የየራሱን አለቃ ተከትሎ የሰፈረው ሰው የከተማዋን ሰፈሮች ፈጠረ። ማገዶ ሲመናመን መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ መጥቶ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው።

የመዝናናቱ ታሪክ በፍል ውሃ አላበቃም። እቴጌይቱ በ1900 ዓ.ም. አራዳ ላይ የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ሆቴል ከፈቱ። በዚያ ዘመን ሰው ከቤቱ ውጭ የሚበላው ዘመድ ሲጠራው ወይም ግብር ሲገባ ነው። መንገደኛም ቢሆን «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጃፍ ያንኳኳል እንጂ ለእራቱ ሒሳብ አይጠየቅም። ስለዚህ አዲሱ ሆቴል ገበያ አጣ ይባላል። ያን ጊዜ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄዱ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ ሒሳቡንም ከፈሉ፤ ሌላውም እንዲሁ እንዲያደርግ አለማመዱ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ክፉኛ ቢጎዳውም ሆቴሉ ታድሶ አገልግሎቱን ቀጥሏል።

ቀጥሎ መንገዱን ያሳጠረው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። የአዋሽ ጣቢያ ቡፌ ዝናውን ያተረፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሐዲዱ ንግድን አገለገለ፤ የከተማውንም ሰው ከከተማው አወጣ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ቢሾፍቱ ወርዶ ሐይቅ ዳር መዋል፣ ናዝሬት ደርሶ በሙቀቱ መፍታታት የሚቻል ነገር ሆነ። በኋላ አስፋልቱ ሲዘረጋ ሶደሬና ላንጋኖ ተጨመሩ።

ይህ ልማድ አሁንም በሕይወት አለ። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ የሚወጣውን መኪና ብታዩት የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አገልግል፣ ፔርሙስና ምንጣፍ አይጠፋም። አገልግሉ ውስጥ ያለው እንጀራ ወጡን ጠጥቶ ለስልሶ ይጠብቃል። የዝዋይ ዓሣ ጥብስ ወደ ላንጋኖ የሚሄደውን ሁሉ መንገድ ላይ ያስቆማል። ሐይቁ ዳር ምንጣፉ ይነጠፋል፣ አያት ጥላው ሥር ይቀመጣሉ፣ ልጅ ይሯሯጣል፣ ጉርሻው ይዞራል። ፍል ውሃም ቢሆን እስካሁን እናት ልጇን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅበት ስፍራ ነው። እንጦጦም በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ተከፈተ፤ በምኒልክ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ አየር ለመቀየር ከጋራው ይወርድ ነበር፣ የዛሬው ከተሜ ለዚሁ ጉዳይ ወደ ጋራው ይወጣል።

ታሪክ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምንቆጥረው ጦርነትን፣ ውልንና ሹመትን ነው። መዝናናት የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። የዋና ከተማችን ታሪክ ግን ይህን ሚዛን ያስተካክላል። እንጦጦ የኃይል ቦታ ነበረች፤ መናገሻውን ከእሷ ላይ ያወረደው ግን የሞቀ ውሃ፣ ለስላሳ አየርና ከሚወዱት ሰው ጋር አብሮ የመቆየት ፍላጎት ነው። ሰው ሥር የሚሰደው ደስ ባለው ስፍራ ነው።

ስለዚህም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ወንዞች ልጅ የሚንቦጫረቅባቸው መሆናቸው ቀርቶ የቆሻሻ መውረጃ ሆነዋል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር በሎጅና በሪዞርት አጥር እየተያዘ፣ የመግቢያ ዋጋውን የማይችል ቤተሰብ ውሃውን ከሩቅ እያየ ይመለሳል። አገልግል ይዞ የመጣ ሰው ምንጣፉን የሚዘረጋበት ነፃ መሬት እየጠበበ ነው። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የደከመ ሰው ከቤተሰቡ ጋር በርካሽ የሚያርፍበት ቦታ እንደ መንገድና እንደ ውሃ ሁሉ በከተማ ፕላን ውስጥ ድርሻው ሊጠበቅለት ይገባል። ጣይቱ ንጉሡን ጠይቀው ያገኙትን ደስታ ማንም ነዋሪ ሳይለምን ሊያገኘው የሚችልባት ከተማ ብትሆን፣ አዲስ አበባ ለመነሻዋ ታማኝ ሆነች ማለት ነው።